ለመዓዛ የመጡ ሽማግሌዎች

መዓዛ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ለእናቷ የነገረቻቸው «ትንሽ ላርፍ ነው» የሚለውን ብቻ ነበር። ጤነኛ ሰው ሊያርፍ ብሎ በጉም ወራት ደባርቅ አይመጣም። ጉሙ ከሊማሊሞ አፋፍ ተነሥቶ ከተማው ላይ ከተኛ እስከ ረፋድ አይነሣም፤ ብርዱም ጋቢ ደርቦ ያደረውን ሰው እንኳ ያስነጥሳል። እናቷ ወይዘሮ ሸጊቱ ግን ልጅ ወደ ቤቷ ለምን መጣሽ ተብላ አትጠየቅም ባይ ናቸው። አልጋዋን አነጠፉላት፣ የገብስ ቂንጬ በቅቤ አበሏት፣ ከዚያም ሳይጠይቁ የሚጠይቁበትን ዘዴያቸውን ጀመሩ፤ ስላገቡት የሰፈር ልጆች አንድ በአንድ ያወሩላት ጀመር።

እውነቱ የወጣው በሳምንቱ ነው። መዓዛ በቴሌቪዥን የሚታይ ተከታታይ ድራማ ከሚጽፉት ስምንት ደራሲዎች አንዷ ናት። ስምንቱም ሥራ አቁመዋል። ለአንድ ክፍል የሚከፈላቸው ድራማው ሲጀመር የነበረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ኑሮው የት እንደ ደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ድራማው ግን ተወዶ፣ ማስታወቂያው በዝቶ፣ አንዳንድ ማታ ከታሪኩ ይልቅ የሳሙናው ማስታወቂያ ይረዝማል። የቆዩት ክፍሎች ደግሞ በዩቲዩብ እንደገና ይታያሉ፤ ከዚያ ለጻፈው ሰው የምትደርሰው ምስጋና እንኳ የለችም። ጠየቁ፤ ታገሡ ተባሉ። ደግመው ጠየቁ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ያልተመቸው ይሂድ ተባሉ። በመጨረሻ ኮከብ በምትባለው ጓደኛቸው ቤት ተሰበሰቡና እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ለሁላችንም ካልተስተካከለ አንዳችንም አንድ መስመር አንጽፍም ተባባሉ። መዓዛም የቤት ኪራዩ ሲያቅታት ዕቃዋን ኮከብ ዘንድ አስቀምጣ ወደ አባቷ ቤት መጣች።

አባቷ አቶ ደምለው ይህን ሁሉ የእህል ጆንያ አፍ እየሰፉ ሰሟት። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ «ሌሎቹስ?» አሉ። ሌሎቹም አቁመዋል አለቻቸው። «እንግዲያው» አሉና ወደ መርፌያቸው ተመለሱ። መዓዛ ያቺን «እንግዲያው» ስትፈታ ሰነበተች። ደግ አደረግሽ ይሁን፣ ሥራ ፈታሽ ይሁን፣ ከአባቷ ፊት የሚነበብ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ አቶ ደምለው ጥቂት ማለት ግድ ነው። ሥራቸው እህል ንግድ ነው፤ ስማቸው የሚታወቀው ግን በሽምግልና ነው። ከድብ ባሕር እስከ አምባራስ በድንበር የተጋጨ፣ በደም የተፈላለገ፣ ትዳሩ የፈረሰበት ሁሉ «ደምለው ይምጣልን» ይላል። የሚፈለጉትም አንደበታቸው ጣፋጭ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም ቃል ከአፋቸው የሚወጣው በስንት መከራ ነው። ምሳ ይብሉ ቢሏቸው እንኳ እሺ ለማለት ጊዜ ይወስዳሉ። አንዴ እሺ ካሉ ግን አለቀ፤ በዚያች እሺ ላይ ሰው ከብቱን ነድቶ ይመልሳል፣ የተሸሸገ ሰው ከጫካ ይወጣል። በዚያ አገር መንግሥት ቢቀየር የአቶ ደምለው እሺ አልተቀየረችም።

የድራማው ፕሮዲዩሰር ማንያዘዋል ይባላል። የዳባት ልጅ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያ ለመዓዛ በስልክ ደጋግሞ ደወለላት። ብቻሽን ተመለሺ፣ አንቺን ዋና ደራሲ አደርግሻለሁ፣ የጠየቅሽውንም ላንቺ እከፍላለሁ፣ ሌሎቹን ተያቸው አላት። እሷ ከተመለሰች የቀሩት ሰባቱ አንድ ወር እንደማይቆዩ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ስልኩን ማንሣት ስትተው ሰውየው ሌላ መንገድ አሰበ። ዳባት ወፍጮ ቤት ላለው ታላቅ ወንድሙ ለአቶ ገዱ ደወለና ሽማግሌ ሰብስብልኝ አለው።

አቶ ገዱም ከዋዜማው ለአቶ ደምለው ደውለው «በልጅዎ በመዓዛ ጉዳይ ነገ ጠዋት ለሽምግልና እንመጣለን» አሏቸው። ያሉት ይህን ብቻ ነው። አሁን ፍርዱን ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ ሠላሳን ያለፈች፣ ያላገባች ሴት ልጅ ያለችው ሰው እንዲህ ያለ ስልክ ቢደወልለት ምን ያስባል? ማንያዘዋል ሀብታም ነው፣ ወንደ ላጤ ነው፣ የአገር ልጅ ነው። ወይዘሮ ሸጊቱ የዚያኑ ቀን ማታ ዶሮ አሳረዱ። መዓዛ ምን ተገኘ ብትላቸው እንግዳ አለብን ብለው አለፉ፤ ለሴት ልጅ አስቀድሞ አይነገርም። እሷም ማኅበር ይሆናል ብላ ተኛች።

ጠዋት ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት በግቢው ውስጥ የሚንኳኳ ከዘራ ነው። የመኝታዋ ግድግዳ የጭቃ ስለሆነ ከሳሎን የሚነገረው ሁሉ ይሰማታል። የአባቷ ድምፅ ግቡ፣ ተቀመጡ ሲል ሰማች። ከዚያ የማታውቀው ድምፅ ቀጠለ።

«በልጅዎ በመዓዛ ጉዳይ ከወንድሜ ከማንያዘዋል ተልከን የመጣን ነን። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

ወጉ ይታወቃል። የተላኩ ሽማግሌዎች ይቆማሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ ጉዳያችሁን ልስማ፣ ዘመድ ልማከር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል። አቶ ደምለው ራሳቸው ስንቱን አባት እንዲህ በል ብለው መክረዋል፤ ስንቱንም ሽማግሌ አመላልሰዋል። በዚያን ዕለት ግን ደስታ ቀደማቸውና ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበትን ሙያ ረሱት።

«እሺ ብያለሁ» አሉ። «በእግዜር ፊት እሺ ብያለሁ። ተቀመጡ።»

ወይዘሮ ሸጊቱ ከጓዳ እልልታቸውን አቀለጡት።

መዓዛ ብርድ ልብሷን እንደተከናነበች ከአልጋዋ ዘለለች። አንዲት መስመር አልጽፍልህም ላለችው ሰው ሊድሯት ነው። ሳሎን ስትደርስ ሦስቱ ሽማግሌዎች ወንበር ላይ እየተደላደሉ ነበር። አንደኛው ያጠመቋት የቤተሰቡ የንስሐ አባት ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። ሁለተኛው ስምንተኛ ክፍል ያስተማሯት ጡረተኛው አቶ ሻረው፣ ሦስተኛው የማታውቃቸው ባለካፖርቱ አቶ ገዱ ነበሩ። አባቷ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊታቸው በርቷል። እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም፤ ስለዚህ ልትጮህ የመጣችው ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ እኔ ማንያዘዋልን አላገባም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ገዱ ግራ ገብቷቸው ወንድማቸው ቀለበት ያሰረላት ልጅ እንዳለችው፣ ስለ ጋብቻ ማንም እንዳላነሣ፣ እነሱ የመጡት መዓዛ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ለመለመን መሆኑን አስረዱ። እልልታው ገርሟቸው ነበር፤ ደስ ያላቸው ቤተሰብ ናቸው ብለው አለፉት እንጂ። ወይዘሮ ሸጊቱ የጓዳውን በር እንደያዙ ቀሩ። እልልታ ከወጣ ወዲያ ተመልሶ አይገባም።

የአቶ ደምለው ፊት መብራቱ ቀስ እያለ ጠፋ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ነገሩ የገባቸው ወዲያው ነው። ሳይሰሙ እሺ ብለዋል፤ ያውም በእግዜር ፊት።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ እሷም ትሰማ አሉና መዓዛ ተቀምጣ ተናገረች። ስለ ክፍያው፣ ስለ ማስታወቂያው፣ ስለ ዩቲዩቡ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ቄሱ ከአሠሪዋ ጋር ተቀያይማ ጥላ መጣች ተብለው ነበር የመጡት፤ እየሰሙ ጢማቸውን ይዘው ቀሩ። አቶ ሻረው በበኩላቸው ድራማው ከተቋረጠ ጀምሮ ሚስታቸው ቤቱን እንዳመሱት ገለጹና፣ ለመሆኑ የድራማዋ ስንዱ ልጇን አገኘችው ወይስ አላገኘችውም ብለው ጠየቁ። ቄሱ ሲያስሉባቸው መልሱን ሳይሰሙ ዝም አሉ። ክፋት የላቸውም፤ የመጡትም ለዚችው ነው።

አቶ ገዱ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፍያው ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን እንዳልሰሙ በግልጽ ተናገሩ። ነገር ግን ወንድሜ ላንቺ ይከፍላል፣ ቅር የሚያሰኝሽ ምንድን ነው አሏት።

«ለኔ ብቻ ነዋ» አለች መዓዛ። «ኮከብ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች። ሥራ ስናቆም ከሁላችንም በላይ የምትጎዳው እሷ ነበረች፤ መጀመሪያ እጇን የዘረጋችውም እሷ ናት። እኔ ዛሬ ብመለስ ነገ በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ይቀጠራል።»

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ መሐላ አለባችሁ ወይ ብለው ጠየቋት። አልዋሸችም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተባባልን እንጂ አልማልንም አለች። ያኔ አቶ ገዱ ወደ አባቷ ዞሩ፤ የልጆቹ ነገር መሐላ የሌለበት ቃል ከሆነ፣ የእርስዎ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም የተሰጠ ነው፤ የአቶ ደምለው እሺ ታጠፈች ከሚባል እኛም ባንመጣ ይሻለን ነበር አሉ። ንግግራቸው በትሕትና ነው። ትሕትናው ግን ነገሩን አላቀለለውም።

መዓዛ አባቷን አየቻቸው። በልጅነቷ ዘመድ ሁሉ ሴት ልጅ ብቻዋን ጎንደር ተቀምጣ እንዴት ትማራለች ሲል፣ አንዴ ትማራለች ብያለሁ ብለው ክርክሩን የዘጉት እኚህ ሰው ናቸው። ዛሬ ጽፋ የምታድረው በዚያች ቃል ነው። አሁን ይህች ቃል በልጃቸው ምክንያት ብትወድቅ፣ ነገ አምባራስ ላይ ሁለት ደመኞች ሲቀመጡ አንዱ ተነሥቶ «እርስዎስ የራስዎን መቼ ጠበቁ» ሊላቸው ነው። የአባቷን ስም አፍርሳ የምታቆመው ምን ድራማ አለ? ኮከብን አሰበች። ኮከብ ይቅር አትላት ይሆናል፤ አለማለቷም ልክ ነው። ብቻዋን ልትመለስ ወሰነች።

«አባዬ፣ ግድ የለም፤ እኔ...» ስትል አቶ ደምለው እጃቸውን አነሡ። ቆይ እንደማለት ነው። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ወደ ውጭ ወጡ።

ተቆጥተው የሄዱ መሰላት። ሁሉም እንዲሁ መሰላቸው፤ አቶ ሻረውም መምጣታችን ስሕተት ነው እያሉ ያጉተመትሙ ጀመር። እናቷ ሊከተሏቸው ሲሉ በሩ ጨለመ።

አቶ ደምለው ጎንበስ ብለው ገቡ። ከአጥሩ ላይ ያነሡትን፣ የጠዋት ጤዛ ያልደረቀበትን ትልቅ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመዋል። የበደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን የሚሸከመው ድንጋይ ነው። በዚያ አገር የነፍስ ገዳይ ዘመዶች፣ ድንበር ገፊዎች፣ ሚስት ያባረሩ ጎረምሶች በእኚሁ ሰው ፊት ተሸክመውታል። እሳቸው ግን ተሸክመው ያየ የለም። ጉልበታቸው ወለሉን ሲነካ ድንጋዩ አንገታቸው ላይ ተንሸራተተ።

«ሳልሰማ እሺ አልሁ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የኔን ቃል ለማቆም የልጄን ቃል አላስፈርስም። ቃሌን መልሱልኝ።»

መዓዛ ብርድ ልብሷን ጥላ ሮጠች። ከአጠገባቸው ተንበርክካ ሁለት እጆቿን ከድንጋዩ ሥር አስገባች። ልቀቂ፣ ይሄ አንቺን አይመለከትም አሏት ቀስ ብለው። አለቀቀችም። ድንጋዩ ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር፤ ከሥሩ የአባቷ አንገት ይንቀጠቀጣል። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሐዘን አልነበረም፤ ከዚህ ሰው የተወለደችበትን ቀን እያመሰገነች ነበር።

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ወደ አቶ ገዱ አዩ። እሺ የተባሉት እሳቸው ስለሆኑ፣ አውርድ ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አቶ ገዱ ወለሉን እያዩ ቆዩ። ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ወንድማቸው የሚላቸውን ሳያስቡት አልቀሩም። ከዚያ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና በገዛ እጃቸው ድንጋዩን ያዙ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ሦስቱ ሆነው አወረዱት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተመልሰው ተቀመጡ። ቤቱን ያዳኑት ወይዘሮ ሸጊቱ ናቸው። ለጋብቻ የተሠራ ዶሮ ለእርቅ አይሆንም የሚል ሕግ አላየሁም ብለው ወጡን አቀረቡት። ሁሉም በላ። አቶ ሻረው ብልቱን አጣጥመው ሲያበቁ ከድራማው ጣቢያ ይልቅ ይህ ቤት ይሻላል አሉ፤ ሚስታቸው እንዳይሰሙባቸው ግን አደራ ብለዋል።

አቶ ገዱ እጃቸውን ታጥበው ስልካቸውን አወጡና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ደወሉ። ማንያዘዋል ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ እሺ አሉ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ብለው ነበር። ድንጋይ ተሸክመው መለሱት፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» አሉ አቶ ገዱ። «ስማኝ፣ ከእንግዲህ ያንተ ሽማግሌ አይደለሁም፤ የእነሱ ነኝ። ስምንቱንም ጠርተህ ባንድ ክፍል አስቀምጥና ተነጋገር። እምቢ ካልህ የምመጣው እኔ ነኝ፤ መጥቼም አልቀመጥም።»

ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ማንያዘዋል የዳባት ሽማግሌ ቢሮው መሐል ሲቆምበት የታየው ይመስላል።

«እሺ ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ይምጡ፤ ሁሉም ይምጡ።»

ይህ ገና ክፍያ አይደለም። መዓዛ ይህን በደንብ ታውቃለች፤ ከዚህ በኋላ ስንት ክርክር፣ ስንት ውጣ ውረድ እንዳለ አልጠፋትም። ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሰውየው አንድ በአንድ ካልሆነ ማንንም አላነጋግርም ይል ነበር። ግቢ ወጥታ ለኮከብ ደወለችላት። ኮከብ ስልኩን ያነሣችው በደረቁ ነው።

«ተመለሰች ብለውን ነበር» አለች። «ትናንት ማታ። ማንያዘዋል ለሁላችንም ደውሎ መዓዛ ነገ ጨርሳ ትመጣለች ብሎናል። ከመካከላችን ሁለቱ ዛሬ ሊመለሱ ነበር።»

«አልተመለስሁም» አለች መዓዛ። የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ኮከብ መሐል ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ ስትጨርስላት አባትሽን ሳሚልኝ ብቻ ነው ያለችው። መዓዛም እሺ አለች፤ ከዚያ ደግሞ ለሁለቱ እንድትደውልላቸው አስቸኮለቻት።

ሽማግሌዎቹ ሲሸኙ ጉሙ ገለጥ ብሎ ፀሐይ ወጥቷል። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ በመስቀላቸው ባረኳት፤ አቶ ገዱ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ጨበጧት። የመኪናቸው ድምፅ ወደ ዳባት መንገድ ሲርቅ ወደ ግቢው ተመለሰች። አባቷ ድንጋዩን ከሳሎን አውጥተው ወደ አጥሩ እያንከባለሉ ነው። በሌላ ጎን ያዘችና አብራቸው ገፋች። ቦታው ሲገባ አቶ ደምለው ቀና ብለው ጫንቃቸውን በእጃቸው ዳሰሱ።

«ስንቱን ሰው አሸክሜያለሁ» አሉ። «ነገር ይብረድ እያልሁ ተንበርክኮ አቆየዋለሁ። እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።»

መዓዛ ልታመሰግናቸው ፈለገች። በዚያ ቤት ምስጋና ለፈጣሪና ለእንግዳ ነው፤ አባትና ልጅ አይመሰጋገኑም። ነገር ግን ዝም ብትል ዕድሜ ልኳን እንደሚቆጫት ተሰማት።

«አመሰግናለሁ አባዬ» አለች። «አሁን ብቻ አይደለም፤ ስለ ሁሉም።»

አቶ ደምለው አጥሩን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ የሚመለከቱት ነገር ሲያልቅባቸው ወደ እሷ ተመለሱ። 

«በይ ቅቤ አምጪ» አሏት። «አንገቴን ተልጫለሁ መሰለኝ።»

መደቡ ላይ ተቀመጡ። እሷም ለጋ ቅቤ በጣቷ ይዛ ከኋላቸው ቆመች፤ ድንጋዩ የላጠውን ቦታ እንዳያማቸው ቀስ ብላ ትቀባቸው ጀመር።